ማንም የማይቀድመው አውቶሞቢል

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ አንድ ዓመት፣ በኅዳር ወር መጀመሪያ፣ አውቶሞቢል ገና ከጋሪና ከፈረስ ጋር መንገድ በሚጋፋበት ዘመን፣ ከገዥው ግቢ ተነስቶ ገበያውን የሚሰነጥቀው፣ ድልድዩን ተሻግሮም ወደ ጡብ ምድጃዎቹ ዳገት የሚወጣው አንድ ለእናቱ የሆነው የከተማይቱ መንገድ፣ ማለዳ ማለዳ ይታነቅ ጀመር።

ያነቀው አዋጅ ነበር። የገዥው አባት ባራት ፈረስ ሠረገላ እየበረሩ ከተማይቱን ሲያስተዳድሩ፣ በእግርም ሆነ በጋሪ የሚጓዝ ማንም ሰው ገዥውን ቀድሞ እንዳያልፍ አውጀው ነበር፤ ያን ጊዜ ሠረገላውን ሊደርስበት የሚችል ስላልነበረ አዋጁ ማንንም አልጎዳም። አባት ሞቱ፤ ልጅ ተሾሙ፤ ፈረሶቹ አረጁ፤ አዋጁ ግን አላረጀም። አዋጅ ማውጣት የሚያውቅ ሹም ሞልቷል፤ መሻር የሚያውቅ ግን በፋኖስ ተፈልጎም አይገኝም።

በዚያው ወር አዲሱ አውቶሞቢል ግቢ ገባ። ጥቁር ነው፤ የፊት መብራቶቹ እንደ ድስት ክዳን የሰፉ፣ ወንበሮቹ ቆዳ የለበሱ፣ ሞተሩ ገና የፋብሪካ ቅባት የሚሸት። መሪውን የያዘው የቀድሞው የሠረገላ ነጂ ነበር። ሳይገራ የለቀቀው ፈረስ ስለሌለ አገሩ ሁሉ «ልጓም» ይለዋል፤ እሱም ስሙን እንደ ሹመት ተሸክሞት ይሄዳል። ባሕር ወደብ ድረስ ወርዶ መንዳትና ሞተር መፍታት ተምሮ ከተመለሰ ወዲህማ፣ ኩራቱ ከባርኔጣው በላይ ሆኗል።

በመጀመሪያው ቀን ገዥው ሊሳፈሩ ሲወጡ፣ ልጓም በሩን ከመክፈቱ በፊት ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

«ጌታዬ፣ አንድ ቃል ይስጡኝ። ይህ ሞተር አዲስ ነው፤ ብረቱ ሻካራ ነው። ፒስተኑና የሚመላለስበት ሲሊንደር ቀስ በቀስ እየተሻሹ እስኪለማመዱ ድረስ አላስሮጠውም። ሜዳ ላይ ከሶምሶማ አላልፍም፤ ዳገት ላይ ከእግረኛም ብዙ አልፈጥንም። ዘይቱን ሳፈሰው የብረት ብናኝ ያላየሁ ዕለት፣ ያን ጊዜ አበረዋለሁ።»

አጋፋሪው፣ የገዥውን ደጅ የሚጠብቀውና ሠረገላውን ራሱ ያዝዝ የነበረው ሰው፣ ከት ብሎ ሳቀ። «ገንዘብ የፈሰሰበት መኪና በኤሊ እርምጃ! ጌታዬ፣ ይህ ሰውዬ አውቶሞቢል ሳይሆን በሬ የተገዛ ነው የመሰለው።»

«አጋፋሪ፣ አንተ በር ጠብቅ፤» አለ ልጓም። «እኔ ሞተር ልጠብቅ።»

ገዥው ፈገግ አሉ። «ቢበላሽስ?»

«በኔ እጅ ከተበላሸ ያባርሩኝ። መሪውንም ከዚያ ወዲያ አልነካም። ግን ማንም ‹ፍጠን› አይበለኝ፤ እርስዎም ቢሆኑ።»

ገዥው ቃል ሰጡ፤ ልጓምም እንጀራውን በዚያ ቃል ላይ አንጠለጠለ።

አውቶሞቢሉ እየለቀቀ እየያዘ፣ አንዴ ፈጠን አንዴ ዘግየት እያለ ገበያውን ሲያቋርጥ፣ ከኋላው ከተማው ሁሉ ተሰለፈ። የዳቦ ጋሪው፣ የፖስታ በቅሎው፣ ጡብ የሚያመላልሱት፣ ሥራ የረፈደባቸው ልብስ ሰፊዎች፣ ሁሉም አዋጁን ፈርተው ተከተሉ።

«ዳቦው በረደ!» ይላል አንዱ።

«ዳቦውስ በረደ፤ እኔ ሸመገልኩ!» ይላል ሌላው። «ስነሳ ጢም አልነበረኝም።»

ገዥው ግን ዘወር ብለው ያን ሁሉ ሰው ባዩ ጊዜ ፊታቸው በራ። «ምን ሆነው ነው የሚከተሉን?» ብለው ጠየቁ።

አጠገባቸው የተቀመጠው አጋፋሪ ዓይኑን እንኳ ሳያሽ መለሰ። «ፍቅር ነው፣ ጌታዬ። ሕዝቡ ከእርስዎ ሊለይ አልቻለም።»

ልጓም ይህን ሰማ፤ ከንፈሩንም ነከሰ። እውነቱን ቢናገር ገዥው እፍረታቸውን የሚወጡበት ሰው ይፈልጋሉ፤ የሚገኘውም እሱ ነው፤ ሞተሩም ሳይላመድ በሌላ እጅ ይወድቃል። ዓይኑን ወደ መንገዱ መልሶ ነዳ። ገዥው በማግስቱም ወጡ፤ ከዚያም ጉዳይ ሳይኖራቸው ጭምር በየማለዳው ይወጡ ጀመር፤ ወደ ኋላ እያዩም በስስት እጃቸውን ያወዛውዛሉ። እንዲህ ነው ሹም የሚታወረው፦ ዓይኑን ጨፍኖ ሳይሆን የነገሩትን እያየ።

አንድ ማለዳ አውቶሞቢሉ ድልድዩን ተሻግሮ የጡብ ምድጃዎቹን ዳገት ሲጀምር፣ ከሰልፉ መካከል ልጓም ከልጅነቱ ጀምሮ የሚፈራው ድምፅ ተነሳ።

«አንተ! አንተ ልጓም! መንገድ ልቀቅ!»

ታላቅ እህቱ ነበረች፤ ግማሹን ከተማ በእጇ የተቀበለች አዋላጅ። በአንዲት በቅሎ ጋሪ ላይ ቆማ ቦርሳዋን ታወዛውዛለች።

«የጡብ ሠሪው ሚስት ምጥ ላይ ናት! ሕፃኑ እግሩን አስቀድሞ ነው የመጣው! አንተ ግን እዚህ እንደ ሙሽራ ትጎተታለህ!»

ገዥው ዘወር አሉ። «ምንድን ነው የምትለው?»

«እሷም በፍቅር ነው፣ ጌታዬ፤» አለ አጋፋሪው።

«እህቴ ናት፤» አለ ልጓም፤ ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻለም። «አዋላጅ ናት። የምጥ ሴት ትጠብቃታለች። በአዋጁ ምክንያት ማለፍ አትችልም።»

«እንግዲያ ፍጠንላት!» አለ አጋፋሪው። «ዳገቱን በአንድ ትንፋሽ ጨርሰው፤ መንገዱ ይከፈታል!»

ገዥውም ቃላቸውን ረስተው፣ «ፍጠን!» አሉ።

ልጓም እግሩን አላንቀሳቀሰም። «አልፈጥንም፣ ጌታዬ። በዚህ ጭነት፣ በዚህ ዳገት፣ ያልተላመደ ሞተር ባስጨንቀው ብረቱ ግሎ ያብጣል፤ ፒስተኑ ሲሊንደሩን ነክሶ ቀጥ ይላል። ያን ጊዜ እኛም እዚሁ፣ እሷም ከኋላችን፣ ሴትዮዋም በምጧ።»

«ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?»

ልጓም መሪውን ወደ ዳር ጠመዘዘ፤ መንኰራኩሮቹን ከቦዩ አፍ አድርሶ የገዥውን አውቶሞቢል አቆመ፤ ወርዶም መንገዱ መሐል ገባ፤ ባርኔጣውን ወደ ዳገቱ እያወናጨፈ፣ «እትዬ፣ እለፊ!» ብሎ ጮኸ።

ሰልፉ ቀጥ አለ። ከኋላ በፈረስ ከሚከተሉት የገዥው አጃቢዎች አንዱ ጅራፉን አነሳና ገዥውን አየ። አጋፋሪው ከወንበሩ ተነስቶ፣ «አዋጅ ተደፈረ!» አለ። አዋላጇ ግን በቅሎዋን ሾጥ አድርጋ፣ ከገዥው ክርን አጠገብ አቧራ እያቦነነች አለፈች።

«ተዋት፤» አሉ ገዥው፣ ለባለጅራፉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም አላዘዘውም። የዳቦ ጋሪው አለፈ። የፖስታው በቅሎ አለፈ። የጡብ ጋሪዎቹ እየተንኳኩ፣ ልብስ ሰፊዎቹ እየሮጡ፣ ያ በየማለዳው የተከተለ ሕዝብ ሁሉ፣ አንድ እንኳ ዞር ብሎ ሳያይ፣ ዳገቱን ወጥቶ ጠፋ። አቧራው ሰከነ። ገዥው ባዶውን መንገድ ወደ ኋላ አዩ፤ ባዶውን መንገድ ወደ ፊት አዩ።

«የት ሄዱ?» አሉ፣ በቀስታ።

«ወደ ሥራቸው፣ ጌታዬ፤» አለ ልጓም።

አጋፋሪው አፉን ከፈተ፤ ገዥው እጃቸውን አንስተው አስዘጉት። ልጓም ባርኔጣውን በእጁ ይዞ የስንብቱን ቃል ጠበቀ፤ አንገቱን ግን አልሰበረም። ገዥው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሞተሩ ብዙ ቀረው?»

«ጥቂት።»

«እንግዲያው ንዳ። እንደ ጀመርከው። የሚቸኩል ከመጣም ዳር ያዝለት።»

ልጓም ሞተሩን አስነሳ። ምድጃዎቹ ዘንድ ሲደርሱ አዋላጇ ደጃፍ ላይ እጇን ትታጠብ ነበር። «ወንድ ነው፤ በደህና ወጣ!» አለች፤ ቀጥላም፣ ገዥው እየሰሙ፣ «ያንተው ብጤ ነው፤ አልቸኩልም ብሎ ሲያደክመኝ!» አለችው።

አዋጁ በዚያው ወር ተሻረ። የገዥው የታሪክ መጽሐፍ ይህን ሲያነሣ፣ «ርኅሩኁ ገዥ ድሀው ፊታቸውን ጠግቦ ያይ ዘንድ በዝግታ ይሄዱ ነበር፤ ከፍቅራቸውም የተነሣ ቀዳሚነታቸውን ለሕዝቡ ለቀቁ» ይላል። ስለ አዋላጇ አንድ መስመር የለም። ስለ ነጂው አንድ ፊደል የለም። የጻፈውም ያ አጋፋሪ ነው፤ ዳገቱ ላይ አፉን ቢያስዘጉት ብዕሩን ማን ያስጥለው!

ከብዙ ዓመት በኋላ አውቶሞቢሉ ዝጎ ተጣለ፤ ሞተሩ ግን ተነቅሎ ምድጃዎቹ ዘንድ የውኃ መሳቢያ ተደረገ፤ ገዥውም፣ አጋፋሪውም፣ ልጓምም ካለፉ በኋላ ውኃ ይስብ ነበር። የጡብ ሠሪዎቹ ማለዳ ሲያስነሱት ወዲያው ሥራ አይጭኑበትም፤ ቀስ ብሎ እስኪሞቅ ቆመው ይጠብቁታል። ማን እንዳስተማራቸው ሲጠየቁ ትከሻቸውን ይነቀንቃሉ፤ «እንዲህ ሲደረግ ነው ያገኘነው፤» ይላሉ።