ጥሩምባው ሁለቴ ዝቅ ሲል

«ባንድ መጣ! ባንድ መጣ! ጨሌ አቀብሉኝ!» እያለ ፔሪ ከመሰላሉ ጫፍ ላይ ይጮኻል።

መሰላሎቹን አባቱ ገና በጠዋት አምጥተው ከዛፉ ሥር አቁመዋቸዋል። ሰልፈኞች ከመድረክ ላይ ለተመልካች ጨሌ በሚወረውሩበት በማርዲ ግራ በዓል ሰሞን ኒው ኦርሊንስ ውስጥ መሰላሉን ቀድሞ ያቆመ ቦታው የእሱ ነው፤ ማንም አይነካበትም። በየመሰላሉ ጫፍ ሁለት ልጅ የምትይዝ የእንጨት መቀመጫ ተመትታለች። በአንደኛዋ የስምንት ዓመቱ ፔሪ ከአክስቱ ልጅ ጋር፣ በሌላዋ እህቱ ማርጎ ከክፍል ጓደኛዋ ከኦዴት ጋር ተቀምጠዋል። ከታች እናታቸው ሚስ ኬት ኬክ እየቆረሱ ለጎረቤቱ ሁሉ ያድላሉ።

ኦዴት ድርሻዋን እንደያዘች ነው። ኬኩ አልወርድ ብሏታል።

ከበሮው ከሩቅ ተሰማ። ይህን ከበሮ በእንቅልፏም ታውቀዋለች። የሰፈሯ የመንግሥት ትምህርት ቤት ማርሽ ባንድ ነው። እስከ ዓምና ድረስ እሷም እዚያው ክላርኔት ትነፋ ነበር። ወንድሟ ጃቫን ደግሞ አሁንም አለ፤ ያንን በሰውነት ዙሪያ ተጠምጥሞ ከራስ በላይ የሚከፈተውን ትልቁን ጥሩምባ የሚነፋው እሱ ነው።

ችግሩ ማርጎ ይህን አለማወቋ ነው። ማርጎ የምታውቀው የኦዴት ወንድም ሂዩስተን እንደሚኖር ነው።

ኦዴት ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝታ የግል ትምህርት ቤቱ የገባች ሰሞን ነበር። ምሳ ላይ ማርጎ «ወንድምሽ የት ነው የሚማረው?» ብላ ጠየቀቻት። ጠረጴዛውን የከበቡት ሁሉ ነጮች ናቸው። ኦዴት ቀና ብላ አዳራሹን ስትቃኝ እሷን የሚመስል ልጅ መስኮቱ ጋ አንድ፣ በሩ ጋ አንድ አየች። ከእነሱ ሌላ ጥቁር ሰው ቢኖር ምግብ የሚያወጡት ሴትዮ ናቸው። በድሮው ትምህርት ቤቷ ነገሩ ግልብጥ ነበር። ባንዱ ውስጥ የነበረው ነጭ ኮዲ የሚባል ከበሮ መቺ ብቻ ሲሆን፣ «ወተት» ብለው ስም አውጥተውለት እሱም ተቀብሎታል። ሁለቱ ትምህርት ቤቶች ያሉት በአንድ አውቶቡስ መንገድ ላይ ነው።

«ሂዩስተን፣ አባታችን ጋ ነው» አለች ኦዴት። አፍራ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የኦዴት ግን እያደር ከበደ። ማርጎ ደግ ልጅ ናት፤ «ወንድምሽ ለገና አይመጣም? አልናፈቀሽም?» ትላታለች። ኦዴትም ምን ታድርግ፣ ለጃቫን ሂዩስተን ውስጥ ትምህርት ቤት መረጠችለት፤ ውሻም ገዛችለት።

ባለፈው ሳምንት መምህራቸው «በከተማችን የግልና የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ለምን በቀለም ተለያዩ?» የሚል የቤት ሥራ ሰጡ። ማርጎ እስክሪብቶዋን ማኘክ ጀመረች።

«እኔ ምኑን አውቄ ልጻፍ? የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማር ሰው የለም እኮ።»

«የለም?» አለች ኦዴት።

«ማለቴ… እኔ የማውቀው ሰው።»

ኦዴት ያን ጊዜ መናገር ትችል ነበር። አልተናገረችም።

ዛሬ ጠዋት ጃቫን የባንዱን ልብስ እየቆለፈ «ከእነዚያ ልጆች ጋር የት ጋ ነው የምትቀመጪው?» አላት።

«ናፖሊዮን ጎዳና ጥግ ላይ፣ ዛፉ ሥር።»

«እኔ እንደሆነ ላይሽ አልችልም። አንገቱን ያዞረ ሰው የባንዱ አለቃችን ሚስተር ዱፕሬ ከሰልፍ ነው የሚያስወጣው። ግን እዚያ ጋ ስደርስ ጥሩምባውን ሁለቴ ዝቅ አደርገዋለሁ። ላንቺ ነው እሺ፣ ለሌላ ሰው እንዳይመስልሽ።» ሳቀ። «ሙድ እንዳትይዢብኝ ደግሞ።»

እንግዲህ ባንዱ ደረሰ። ከፊት የሚጎተተው ያሸበረቀ መድረክ ስለቆመ ባንዱም እዚያው፣ መሰላሎቹ ፊት ለፊት ቆመ፤ እግሩን እያነሳ እየጣለ መንፋቱን ግን አልተወም። ጃቫን በመጨረሻው ረድፍ ዳር ላይ ነው። ላቡ በጉንጩ ይወርዳል። ዓይኑ ከፊቱ ካለው ልጅ ባርኔጣ ንቅንቅ አላለም።

«ትልቁ ጥሩምባ! ውስጡ ያስገባ አሥር ነጥብ!» አለ ፔሪ።

የሰፈሩ ልጆች ሁሉ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው፤ ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። ኦዴት ግን የዓምናውን ታውቃለች። አንዱ ከሰገነት ላይ የወረወረው ጨሌ ጥሩምባውን ሲመታው አፍ የሚገባው ብረት ጥርሱ ላይ ተጋጭቶ የጃቫን ከንፈር ተተረተረ። ሳምንቱን በሾርባ ነው የከረመው።

የፔሪ ጨሌ የጥሩምባውን ጠርዝ መታ። የጃቫን ራስ ተናጠ። መንፋቱን አላቋረጠም። ወዲያው ጥሩምባው ዝቅ አለ፤ ተነሣ፤ ደግሞ ዝቅ አለ።

«አያችሁት? አያችሁት?» ፔሪ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። «ዝቅ አደረገልን! ወርውሩ እያለን ነው!»

«አቦ ይመቸው!» አለች ማርጎ፤ ከከረጢቱም ትልቁን ጨሌ መዝዛ ኦዴት እጅ ላይ አኖረችው። «በይ አንቺ ሞክሪ። እጅሽ ጥሩ ነው።»

ጨሌው ከባድ ነበር። ፔሪ ሌላውን አንሥቶ እጁን ወደ ኋላ ሳበ።

«አትወርውር!» ብላ ጮኸች ኦዴት። ከራሷ ድምፅ ደነገጠች። «ወንድሜ ነው።»

«የቱ?» አለች ማርጎ።

«ትልቁን ጥሩምባ የያዘው። ጃቫን።»

«ሂዩስተን ያለው?»

«ሂዩስተንን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ዋሽቼሽ ነው።»

የማርጎ ፊት ቲማቲም መሰለ። ፔሪ እጁን እንደሰቀለ አንዴ እህቱን አንዴ ኦዴትን ያያል።

«ታዲያ ነጥቤ ይቆጠራል?» አለ።

ኦዴት ጨሌውን ለማርጎ መለሰችላትና መውረድ ጀመረች። ማርጎ ከእንግዲህ አታናግራት ይሆናል፤ ሰኞ ምሳ ላይ ብቻዋን ትቀመጥ ይሆናል። ይህን ሁሉ መሰላሉ ላይ ሆና አስባዋለች፤ ወረደች።

«የኔ ማር፣ ወዴት ነው?» አሉ ሚስ ኬት ቢላዋውን እንደያዙ። «ቦታሽን እንጠብቅልሽ?»

«ማርጎን ይጠይቋት፣ ሚስ ኬት። ኬኩ በጣም ጥሩ ነው፣ አመሰግናለሁ።»

በባንዱ ጎን ሚስ ሎሬታ የውኃውን ጋሪ እየጎተቱ ደረሱ። የአንዱ ከበሮ መቺ እናት ናቸው፤ ኦዴትን ከሕፃንነቷ ያውቋታል።

«አንቺ! የት ጠፍተሽ ነው? ነይ ያዢ ይቺን፣ ወገቤ ተቆረጠ!»

ኦዴት የጋሪውን እጀታ ያዘች። ፊሽካ ተነፋ፤ ባንዱ ተንቀሳቀሰ። ከበሮው ብቻውን ሲቀር ጥሩምባዎቹ ትንሽ አረፉ። የጃቫን ከንፈር ጥግ ላይ ትንሽ ደም አለ። ዓይኑ አሁንም ባርኔጣው ላይ ነው።

«ሁለቴ ነው ያደረግኩት» አለ በጥርሱ መሀል። «አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

ከኋላ፣ ከመሰላሉ ላይ፣ «ኦዴት!» የሚል የማርጎ ድምፅ መጣ። ቁጣ ይሁን ሌላ ነገር አይለይም።

ኦዴት የባንድ ልብስ አልለበሰችም፤ አንገት ማዞር የሚከለክላት የለም። ዞረች። በአንድ እጇ ጋሪውን እንደያዘች፣ በሌላው ወንድሟን እያሳየች፣ ከከበሮው በላይ እንዲሰማ አድርጋ ሙሉ ስሙን ከነትምህርት ቤቱ ጮኻ ነገረቻት።