የታጠበው ሰደርያ

ካሳሁን በገዛ ቤቱ መልበሻ ክፍል አናቱ ተፈልጦ ተዘርሯል። የከሰል ካውያው አጠገቡ ተገልብጧል፤ ክዳኑ ተበርግዶ ፍሙ ተበትኗል፣ የሟቹን ጉንጭ ጠብሶታል።

ውጭ ግቢው ውስጥ ደግሞ ሁለተኛ ሬሳ ሊጨመር ነበር። ኢንስፔክተር ገለቴ ቡራዩ ደርሳ ከመኪና ስትወርድ፣ ልብስ ተኳሹ ተረፈ እጁ በካቴና ታስሮ ጭቃ ላይ ተንበርክኳል። ሽመክት የሚባሉት ሽማግሌ በከዘራ አፉን ብለውት ሊደግሙት ሲያነሱ እጃቸውን ያዘችው።

«ይተዉት ጋሼ!»

«ምኑን ልተወው? ካውያው የሱ! ጠዋት ከካሳሁን ጋር ሲሰዳደብ ሁላችን ሰምተናል!»

«ሰድቤዋለሁ፤ አልገደልኩትም» አለ ተረፈ ደም እየተፋ። «ከወላይታ ለፋብሪካ ሥራ መጥቼ ልብስ ተኳሽ ሆኜ የቀረሁ ሰው ነኝ። ዛሬ ከታሰርኩ ማን ይጠይቀኛል?»

ኮንስታብል ሊቤ ሰዓቱን አየ። «የጣቢያው መኪና በግማሽ ሰዓት ይደርሳል፤ ጭኖት ይሄዳል።»

«ግማሽ ሰዓት ይበቃኛል» አለች ገለቴ።

ሰው በአዲስ ልብስ ያብዳል፤ ካሳሁንና ሦስቱ ወዳጆቹ ግን ያበዱት በአሮጌ ነው። ካሳሁን ልብስ ሰፊ ነበር። ሽመክት የድሮ መኮንኖች ካፖርት ይሰበስባሉ። ሐኒ ሱሉልታ ላይ የድሮ ልብስ ሱቅ አላት። አጸደ ከሰበታ ናት፤ የእናቷን ቀሚሶች እንደ ጽላት የምትጠብቅ። የፈረንጆቹን የምስጋና ቀን ከፊልም ቀድተው፣ ጾመ ነቢያት ሳይገባ በየዓመቱ አብረው ምሳ ይበላሉ፤ ዛሬም ካሳሁን ቤት የተሰበሰቡት ለዚሁ ነው። ፈረንጆቹ የሚበሉት ተርኪ የሚባል ትልቅ ዶሮ ስለሌለ ሁለት አውራ ዶሮ ይጠበሳል። ከዚያ እያንዳንዱ አርጅቶ ያላለቀ ልብሱን ለብሶ ይቆምና ልብሱን ያመሰግናል፤ የቀሩት ይቀልዱበታል።

ገለቴ አስከሬኑ ላይ ጎንበስ አለች። የሸሚዙ ኮሌታና እጅጌ በደም ጨቅይቷል። ደረቱና ጀርባው ግን ንጹሕ ነው፤ የደሙ ዳር በመቀስ የተቆረጠ ይመስል ቀጥ ብሎ ቆሟል። መስቀያው ላይ አንድ አረንጓዴ ባለ ነጭ አበባ ሰደርያ ተሰቅሏል። ዳሰሰችው። ትከሻው ላይ ርጥብ ነው፤ ጣቷ ላይ ጨው ቀረ።

ወደ ተረፈ ተመለሰች። «ስትተኩስ ፍሙ ሲደክምብህ ምን ታደርጋለህ?»

«ካውያውን አወዛውዘዋለሁ።»

«ክዳኑ አይከፈትም?»

«መቆለፊያውን ሳልዘጋ ማን ያነሳዋል? እግሬን ልጥበስ እንዴ? ከሰል ልጨምርበት ከፍቼው፣ እዚያው መልበሻ ክፍል ትቼው ወደ ጓሮ ወጣሁ። ስመለስ ካሳሁን ሞቷል።»

ሐኒን ጠየቀቻት። «ሰደርያውን ታውቂዋለሽ?»

«አላየሁትም። ካሳሁን 'ዛሬ አንጀታችሁን በሳቅ የሚቆርጥ አለኝ' ብሎ ደብቆት ነበር።»

«ያምናውን የምሳ ፎቶ አሳይኝ።»

ሐኒ ስልኳን ሰጠቻት፤ ገለቴ አንዱ ፎቶ ላይ ብዙ ቆየች።

«ጋሽ ሽመክት፣ ከማዕድ ማን ተነሳ?»

«ካሳሁን ልብሱን ሊለብስ ቀድሞ ገባ። ከዚያ ሁሉም ተነስቷል፤ ከኔ በቀር። ጉልበቴ አይታዘዝልኝማ! ሐኒ እጇን ልትታጠብ ወጣች። አጸደ ዶሮው ጨው የለውም ብላ ከወጥ ቤት ጨው ልታመጣ ሄደች፤ ባዶ እጇን ተመለሰች። ያለ ጨው በላን፤ እንደ ሆስፒታል ምግብ!»

ገለቴ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች፤ ተረፈንም ከነካቴናው አስገባችው።

«ተረፈ አይደለም» አለች። «ካውያ የለመደ እጅ ሳይቆልፍ አያነሳውም። ገዳዩ ሲያነሳው ክዳኑ ተከፈተ፣ ፍሙ ተረጨ። የሟቹ ሸሚዝ ደረቱ ንጹሕ ነው፤ ሲመታ ሰደርያውን ለብሶ ነበር ማለት ነው። ገዳዩ ሰውዬውን በደሙ ውስጥ ትቶ ሰደርያውን ከሬሳው አወለቀ፤ ደሙን በቀዝቃዛ ውሃና በጨው አጥቦ ሰቀለው። ለመሸሽ ጊዜ የሚያጥረው ሰው ጨርቅ ያጥባል?»

«የእኛ ሰው ያጥባል» አለች ሐኒ በቀስታ። «ደም ከደረቀ አይለቅም።»

«ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ግን ሱሪውም የድሮ ነው፣ ጫማውም የድሮ ነው። እነሱን የነካቸው የለም። ለዚህ አንድ ጨርቅ የሳሳ ማነው?» የሐኒን ስልክ አነሳች። «አምና በዚሁ ሳሎን አረንጓዴ ባለ ነጭ አበባ ቀሚስ ለብሰው የሳቁት እርስዎ ነዎት፣ እትዬ አጸደ። ጨው ብለው የወጡትም እርስዎ። የካፖርትዎን ጫፍ ያሳዩኝ።»

ገለቴ ራሷ ገለጠችው። ሦስት ትንንሽ ቀዳዳ፤ ዳራቸው አሁንም ከሰል ከሰል ይላል።

«ቀሚሱ የእናቴ ነው» አለች አጸደ። ድምጿ ደረቅ ነበር። «ብብቱ ስር ተተርትሮ ስፋልኝ ብዬ ሰጠሁት። ጠፋብኝ አለኝ። ዛሬ ጨው ላመጣ ስወጣ ልጠራው ብገባ፣ ቆራርጦ ሰደርያ አድርጎ ለብሶት ቆሟል። 'አጹዬ፣ በሳቅ ትፈርሻለሽ' ብሎ መስታወቱ ፊት ዞረልኝ። አንዴ መታሁት። አሁንም እየሳቀ መሰለኝ፤ ደገምኩት።»

«አራት ጊዜ ነው» አለች ገለቴ።

«አልቆጠርኩም።»

መኪናው ከበር ላይ ጡሩንባ ነፋ። ሊቤ ካቴናውን ከተረፈ እጅ ፈቶ አጸደ እጅ ላይ አጠለቀው። ሽመክት ከኪሳቸው መሐረብ አውጥተው ወደ ተረፈ ጠጋ አሉ።

«ይቅር በለኝ ልጄ። ደሜ ፈልቶ ነው።»

ተረፈ መሐረቡን አልተቀበለም። ምላሱ ጥርሱ የነበረበትን ባዶ ቦታ ፈለገና ወደ ገለቴ ዞረ። «የሷን ፈረድሽ። የኔን ጥርስ የሰበረውስ?»

ሽመክት ሳቅ ሊሉ ሞከሩ። «ምን ማለትህ ነው? እኔ እኮ ...»

«ልክ ብሏል» አለች ገለቴ። «ሊቤ፣ መኪናው ላይ ቦታ አለ?»

«ለአንድ ሰው አለ።»

«ከዘራውን ለኔ ይስጡኝና ይሳፈሩ ጋሼ።»

ሽመክት ተደግፈው እስኪሳፈሩ ተረፈ ቆሞ አየ። ከዚያ ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ማንንም ሳይሰናበት፣ በዋናው በር ወጣ።