የቅዳሜ ፊርማ

«ይሄን መረብ አሁኑኑ አንሱልኝ!» አሉ ኦቦ ጉርሜሳ። የሽንኩርት መደባቸው ግማሹ ውሃ ተኝቶበታል።

የትምህርት ቤቱ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ከባቱ ዓሣ አጥማጆች ለምኖ ያመጣው አሮጌ መረብ፣ ከወንጂ ወደ አዋሽ በሚወርደው የጎርፍ ቦይ ላይ ቆሻሻ እንዲያስቀር ተዘርግቷል። ዛሬ ሰኞ በፌስታልና በሃይላንድ ጠርሙስ ተወጥሮ ያረጀ ፍራሽ መስሏል። የትናንቱ ዝናብ መሄጃ ሲያጣ በሽንኩርቱ በኩል ዞረ።

ቲቸር ማስረሻ የተረኞችን ደብተር ገለጡ። «ቅዳሜ፣ ሶፊ፣ ጸድቷል፣ ተፈርሟል። በአንድ ቀን እንዲህ የሚዘጋ ከሆነ ነገሩ አይሆንም ማለት ነው። ይነሳ።»

ፊርማው ግን ከኋላ የቆመችው የዱሬቲ ነበር። ቅዳሜ ሶፊ በቴሌግራም «ዱሬዬ፣ አዳማ ሰርግ አለብን፣ በናትሽ ፈርሚልኝ» ብትላት ፈረመችላት። ለጓደኛ መፈረም ክፍል ውስጥም የተለመደ ነው፤ ምን ይመጣል? ራሷ ወርዳ ልታጸዳው ትችል ነበር፤ ጭቃውን አየችና ተወችው።

ሶፊ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። «ዝም በይ። ይነሳ ካሉ ይነሳ፤ ተገላገልን።»

«ይሄ ሁሉ አዋሽ ሊገባ?»

«አታካብጂ ባክሽ! ውሃው ይወስደዋል።»

የት ነው የሚወስደው? አዋሽ እንደ ብዙዎቹ ወንዞች ባሕር አይደርስም። አፋር ወርዶ ሐይቅ ይገባና እዚያው ይቀራል። ዱሬቲ ይህን ክፍል ውስጥ የሰማች ቀን በጣም አዝና ነበር። በሦስት ወር ሠላሳ ጆንያ ላስቲክ ከዚህ ቦይ አውጥተዋል።

ቲቸር ማስረሻ ጎንበስ ብለው ገመዱን መፍታት ጀመሩ።

«ቲቸር፣ ቅዳሜ ማንም አላጸዳውም» አለች ዱሬቲ። «ሳይጸዳ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ተረኛው ሲያጸዳው አንድም ቀን ዘግቶ አያውቅም። ጥፋቱ የመረቡ አይደለም።»

ሶፊ ክው አለች። ቲቸርም ገመዱን እንደያዙ ቀሩ። ዱሬቲ ግን ከሁሉም በላይ የፈራችው ኦቦ ጉርሜሳን ነበር።

«ሽንኩርቴስ?» አሉ።

«እኔ መልሼ እተክለዋለሁ ኦቦ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ነገስ ተረኛው ቢቀር?»

ሽማግሌው አንዴ መረቡን፣ አንዴ እሷን አዩ።

«ቶሌ፣ እሺ፣ ይቆይ» አሉ፤ እጃቸውንም ወደ ቲቸር ዘረጉ። «ደብተሩን ለእኔ ስጡኝ። ማለዳ ማለዳ እዚሁ ነኝ። መረቡን በዓይኔ ሳላይ ማንንም አላስፈርምም።»

ቲቸር ሰጧቸው። «አንቺና ሶፊ ነገ ቢሮ እንነጋገራለን» አሉ ወደ ዱሬቲ ዞረው።

ዱሬቲ ሱሪዋን ሰብስባ ቦዩ ውስጥ ገባች። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፤ ሽታውም አይጣል። የመጀመሪያውን ፌስታል ከመረቡ ለማላቀቅ ሁለት እጅ ፈለገ።

ሶፊ አኩርፋለች፤ ሳምንት ሙሉ ሳታናግራት ትቀር ይሆናል። ዱሬቲም አልለመነቻትም። ፌስታሉን ይዛ ቀና ስትል ግን፣ ሶፊ ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ፣ ጆንያውን ከፍታ ይዛላት ነበር።