ሦስተኛው ኩሬ

መካነ ሰላም ውስጥ ሽንት ቤቱ የሞላበት ሰው መምጠጫ መኪና ያስጠራል። መኪናው የመጠጠውን ከከተማው በታች ወዳሉት ሦስት ኩሬዎች ወስዶ ይደፋል። የመጀመሪያው ኩሬ አፍንጫ ያስይዛል፤ ሁለተኛው አረንጓዴ ነው፤ ሦስተኛው ግን ጥርት ብሎ ዳክዬ ይዋኝበታል። የኩሬዎቹ ባለሙያ ሰርካለም ናት።

ከመምህር መዝገቡ ጋር የተዋወቁት መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ መንገድ የዘጋ ቀን ነው። መዝገቡ እጅጌውን ሰብስቦ ከጎማው ስር የምትጎዘጉዘውን ድንጋይ አቀበላት። ሲጨርሱ እጁን አስታጠበችው። ታጥቦ ካበቃም በኋላ እጁን አልሰበሰበም፤ እሷም ማፍሰሷን አላቆመችም። ከዚያ ወዲያ ዓመት ሙሉ ተዋደዱ።

የመዝገቡ አባት መሪጌታ ወልደሩፋኤል ግን ይህን ሥራ ቢሰሙ እሺ የሚሉ አይመስልም።

«ውሃ ቢሮ ነው የምትሠራው ብያቸዋለሁ» አላት መዝገቡ። «ውሸት አይደለም እኮ።»

«እውነትም አይደለም።»

«አብሽሪ። ከጥምቀት በኋላ ሽማግሌ ይልካሉ። ከዚያ ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ።»

ስለምትወደው እሺ አለችው።

በዚያ ዓመት ታቦቱ የሚወርድበት ወንዝ ደረቀ። መሪጌታ የሰበካ ጉባኤውን ሰዎች አስከትለው ውሃ ፍለጋ ሲዞሩ፣ ከኮረብታው ላይ ሆነው ሦስተኛውን ኩሬ አዩት፤ ሁለቱን ዛፍ ጋርዷቸው ነበር። ልጃቸውን ጠርተው ወደ ኩሬው አጥር ወረዱ።

«ሰርካለም ማለት አንቺ ነሽ?» አሉ ፊታቸው በርቶ። «ይህን የመሰለ ውሃ ይዘሽ! ዘንድሮ ታቦታችን እዚህ ያድራል፤ ሕዝቡም ከዚሁ ይረጫል።»

መዝገቡ ከአባቱ ጀርባ ሆኖ በዓይኑ ለመናት። ቢሮው አይፈቅድም ብላ ማለፍ ትችል ነበር። ግን ሰው ለጥምቀት ውሃ ከፈለገ አጥር እንደማይመልሰው ታውቃለች። እውነቱን ብትናገር ደግሞ መዝገቡን ልታጣ ነው።

«መሪጌታ፣ ይህ የሽንት ቤት ፍሳሽ ነው። የማጣራው እኔ ነኝ። ለዛፍ እንጂ ለሰው አይሆንም።»

ሰዎቹ ጋቢያቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳቡ፤ ሽታ እንኳ አልነበረም። መሪጌታ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ታውቅ ነበር?»

መዝገቡ ዓይኑን ወደ ዳክዬዎቹ መለሰ።

«አላውቅም ነበር አባዬ። እኔንም ደብቃኛለች።»

ሰርካለም ቀና ብላ አየችው። ጓንቷን አጥልቃ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ጥምቀት ከሩቅ ምንጭ በበርሜል በተቀዳ ውሃ ተከበረ። በሳምንቱ ከሰርካለም እናት ከወይዘሮ ወርቂቱ ደጅ ሽማግሌዎች ቆሙ። ወጉ ባይሆንም መሪጌታ ራሳቸው አብረው መጥተው ነበር።

«ልጄ፣ ከትልቅ ነውር አድነሽናል» አሉ። «ሥራሽ ምን እንደሆነም ጠይቄ ተረድቻለሁ፤ የሚያሳፍር አይደለም። መዝገቡም ስለደበቅሽው ይቅር ብሎሻል።»

ወርቂቱ ደንግጣ ልጇን አየቻት። መዝገቡ ከመጀመሪያው ያውቅ እንደነበር ልጇ ነግራታለች።

ሰርካለም ልትናገር አፏን ከፈተች፤ የመሪጌታን ፊት አይታ ተወችው።

«መሪጌታ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ልጅዎን ግን አላገባም።»

«ምን በደለሽ?»

«እሱን ይጠይቁት።»

መሪጌታ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ልጃቸውን ያውቁታል መሰለኝ፣ ሁለተኛ አልጠየቋትም። ባርከዋት ወጡ።

ሰርካለም እስከ ግቢው በር ሸኝታቸው ተመለሰች፤ የእናቷ ጉልበት ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ትወደው ነበር።