ከምሰሶው ጀርባ

«ባልዲ» ብለው ስም ያወጡላት እነሱ ናቸው። ስድሳ ስምንት ዓመት ኖራ፣ ስድስት ልጅ አሳድጋ፣ የስለላ ቤቱ ያገኘላት ስም ባልዲ። «አሮጊት ማን ያያታል?» ብለው ላኳት። እሷ ታይ እንደሆነ ግን የጠየቃት የለም።

ሦስት ወር በጽዳት ሠራተኛ ሽርጥ የፋብሪካውን ላቦራቶሪ ወለወለች። ትልቁ ስክሪን ላይ ኮምፒውተር የሠራው ወንዝ ይፈስሳል፤ ከፋብሪካው ቱቦ የሚወጣው መርዝ በቀይ ተቀልሟል። ባለሙያዎቹ በማውስ ሰዓቱን ወደፊት ይገፋሉ፣ ወደኋላ ይጎትታሉ። በዘጠነኛው ሰዓት ቀዩ የታችኛዋ ከተማ ውሃ መሳቢያ አፍ ይገባል። የልጅ ልጆቿ የሚጠጡት ከዚያ ነው። እነሱ ይህን እያዩ ሳንድዊች ይገምጣሉ። ይሳሳቃሉ።

መወልወያዋን አጥብቃ ጨመቀች። ቻለችው።

ዛሬ የማስረጃው ርክክብ ነው። ለስለላ ቤቱ ከውስጥ የሚተባበር መሐንዲስ ዕቃ ክፍል ጠበቃት።

«እንኩ እማማ፣ ፍላሹ። ሁሉም እዚህ ውስጥ አለ።»

«አሳየኝ።»

«ምኑ ይገባዎታል?»

«ዓይን አለኝ።»

ፈገግ ብሎ ላፕቶፑን ከፈተ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ቀዩ ከቱቦው ወጣ፣ የድልድዩን ምሰሶ በግራ በቀኝ አልፎ ቀጥ ብሎ ወረደ፣ ከተማዋ ሳይደርስ ጠፋ።

እዚህ ከመላኳ በፊት ሠላሳ ዓመት ወለል ወልውላለች። እጣቢ ከወንበር እግር ጀርባ ሳይሽከረከር አልፎ አያውቅም። ትልቁ ስክሪን ላይም ቀዩ ከምሰሶው ጀርባ ይዞር ነበር።

ይሄኛው አልዞረም።

ሐሰተኛ ነው።

ደረጃው ላይ የጥበቃዎች ኮቴ ተሰማ። እሷን ሊያስይዝ የጠራቸው እሱ ነው። እጁ ግን የደረት ኪሱን ይዳስሳል። ሌባ የደበቀውን ሳይነካ አይቆምም።

ባልዲውን እግሩ ሥር ደፋችው። በሳሙናው ተንሸራቶ ወደቀ። ኪሱ ውስጥ ሌላ ፍላሽ አገኘች። ስትመነጭቀው የእጇን አንጓ ጠመዘዘው።

ቀጭ አለ።

አልጮኸችም። ፍላሹን ሻሿ ውስጥ ሸጎጠች።

«ወለሉ እርጥብ ነው ብዬው ነበር» አለች ለጥበቃዎቹ። መሐንዲሱ አልከሰሳትም፤ ብትፈተሽ የሚገኘው ከእሱ ኪስ የወጣው ነው።

«ዞር በሉ እማማ» አሏት። ዞር አለች። ማን ያያታል?

የስለላ ቤቱ አለቃዋ አውቶቡስ ፌርማታው አጠገብ መኪና ውስጥ ነበር።

«እውነተኛው መሆኑን በምን አወቁ? ፊደል እንኳ…»

«ከምሰሶው ጀርባ እይ።»

ፍላሹን ላፕቶፑ ላይ ከፈተው። ቀዩ ዞረ፣ ተሽከረከረ፣ በዘጠነኛው ሰዓት ከተማዋ ገባ። አለቃዋ ፍላሹን ነቅሎ ኪሱ ከተተ።

አውቶቡሱ መጣ። የተሰበረውን እጇን ሽርጧ ውስጥ ደብቃ አውቶቡሱን ከሚጠብቁ አሮጊቶች መሃል ተሰለፈች።

«ሹሞቹን ሰብስበህ ስታሳያቸው» አለችው ዞር ብላ፣ «ከዚያ ወንዝ በብርጭቆ ቀድተህ ፊታቸው አስቀምጥ። ምንም የለበትም የሚል ካለ፣ ይጠጣው።»