ቲን ነው የበላሁት

ሶሲና ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቤቷ ጅግጅጋ ነው፤ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ያለው ግቢ። ግቢው ትንሽ ነው፤ ግን የሌለበት ነገር የለም። ስድስት ዶሮዎች አሉ። አንድ የፓፓያ ዛፍ አለ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጥግ ጥጉን በቆሎ ይቆማል፣ ቲማቲሙ ይቀላል፣ ቃሪያው ያፈራል። እናቷ ለተማርያም የቢሮ ሠራተኛ ናት፤ ጠዋት ከመውጣቷ በፊትና ማታ ከገባች በኋላ ግን ገበሬ ናት። አባቷ ለሥራ አዲጋላ ነው። በወር አንዴ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ቲማቲሙ ነው፤ ሶሲና በዚህ ትንሽ ትቀየማለች።

በእነ ሶሲናና በጎረቤታቸው በኤዶ ካልቱን ግቢ መካከል ያለው አጥር ግንብም ቆርቆሮም አይደለም። ቅጠሉ እንደ መዳፍ የሰፋ፣ እሾሃም ተክል ነው። ነሐሴ ላይ ጫፍ ጫፉን ቀይና ቢጫ ፍሬ ያወጣል። አሁን ልብ በሉ ልጆች፤ የታሪካችን ጣጣ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ይህን ፍሬ እናቷ በለስ ትለዋለች። ኤዶ ካልቱን ደግሞ በሶማሊኛ ቲን ትለዋለች፤ ኤዶም በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው። ሶሲና ፍሬውን መብላት የተማረችው ከካልቱን ልጅ ከዓሻ ነው። እንዴት እንደሚለቀም፣ አሸዋ ላይ ተንከባሎ እሾሁ እንዴት እንደሚራገፍ፣ እንዴት እንደሚላጥ ያሳየቻት ዓሻ ናት። ስለዚህ ለሶሲና ፍሬው ቲን ነው።

ጊዜው ፍልሰታ ነበር። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ልጆቹ በየቀኑ ሰንበት ትምህርት ቤት ይመጣሉ። ረቡዕ ዕለት መምህርት ሄርሜላ ስለ አዳምና ሔዋን አስተማረቻቸው። ሄርሜላ ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድባ ጅግጅጋ ከመጣች ገና ሁለት ወሯ ነው። አዳምና ሔዋን ዕፀ በለስን አትብሉ ተብለው እንደነበር፣ በልተውም ከገነት እንደተባረሩ ነገረቻቸው። ሥዕልም አሳየቻቸው። የሥዕሉ ዛፍ ረጅምና ለምለም ነው፤ እሾህ የሚባል ነገር የለውም።

ሶሲና ግራ ገባት። እናቷ አጥሩን በለስ ትለዋለች። ታዲያ ዕፀ በለስ እነሱ አጥር ላይ ምን ይሠራል? እነ ዓሻስ በየክረምቱ ይበሉት የለ? ማንም ከግቢያቸው አላባረራቸውም። በራቸው ላይ የእሳት ሰይፍ የያዘ መልአክ አልቆመም፤ የቆመችው ፍየላቸው ናት።

ማታ እናቷን ጠየቀቻት። ለተማርያም በአህያ ጋሪ የመጣውን ውኃ ወደ ሮቶው እየገለበጠች ነበር። ቀና ሳትል እሱ ሌላ ነው፣ ይሄ ሌላ ነው አለቻት። ሶሲና የትኛው "እሱ"፣ የትኛው "ይሄ" እንደሆነ ልትጠይቅ ስትል እናቷ ሌላ ወሬ አስከተለች። ሰፈሩ ሁሉ አዬዮ እያለ የሚጠራቸው የዓሻ አያት፣ አዬዮ ዐኒሳ፣ ታመው ተኝተዋል። እህል አልወርድ ካላቸው ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ዛሬ ግን የአጥሩን ፍሬ አምጡልኝ ብለዋል። የቀላው አራት ብቻ ነው፤ እሱም ዓርብ ጠዋት በደንብ ሲበስል ይለቀማል።

"እስከዚያ በለሱን እንዳትነኪ። የአዬዮ ነው" አለቻት እናቷ።

ሐሙስ ሶሲና ከቅዳሴ ስትመለስ በጣም ርቧት ነበር። እናቷ ቢሮ ናት። ሽሮው ተከድኖ ተቀምጦላታል። ሶሲና ግን ወደ ሽሮው አልሄደችም፤ ወደ አጥሩ ሄደች። አራቱም ፍሬዎች ፀሐይ ላይ ቀልተዋል።

"እማዬ በለስ እንዳትነኪ ነው ያለችኝ" ብላ አሰበች። "ይሄ ቲን ነው። በለስ ሌላ ነው ብላለች።"

ግማሽ ልቧ ይህን አመነ። ግማሽ ልቧ ግን "የአዬዮ ነው" የተባለውን አልረሳም። እናንተስ ልጆች፣ ግማሽ ልባችሁ ከግማሹ ጋር ሲከራከር ሰምታችሁ አታውቁም? እኔ በዚህ ዕድሜዬ እንኳ እሰማዋለሁ።

እጇን በፌስታል ጠቀለለችና አንዱን ቆረጠች። አሸዋ ላይ ሳታንከባልል፣ በጥድፊያ ላጠችው። የተከለከለችው ይሄን ካልሆነ ለምን እንደተጣደፈች እንጃ። ፍሬው ጣፋጭ ነበር። ሁለተኛው ደግሞ ይበልጥ ጣፈጠ። ሦስተኛው መቼ እንዳለቀ አላወቀችም። አራተኛውን ስትውጥ ግን ምንም አልጣማትም። ልጣጩን በአጥሩ አናት አሻግራ ለእነ ዓሻ ፍየል ወረወረችላት።

ዓርብ ጠዋት ኤዶ ካልቱን ከዓሻ ጋር ሳህን ይዛ ወደ አጥሩ መጣች። የሚለቀም ነገር አልነበረም። ፍየሊቱ ከልጣጩ ግማሹን በልታ ግማሹን ትታዋለች፤ የተረፈው በእነ ዓሻ በኩል መሬት ላይ ወድቋል። ካልቱን ልጣጩን አየች፣ ከዚያ ልጇን አየች። ዓሻ እኔ አይደለሁም ብላ ማለች፤ ግን ማን ይመናት? አምና ሳታስፈቅድ በልታ ተይዛለች። እናቷ አልጮኸችባትም፤ በገዛ አያትሽ እንዴት ጨከንሽ ብቻ አለቻት። ዓሻ ፊቷን በሻሿ ሸፍና አለቀሰች።

ከአጥሩ ወዲህ የቆመችው ለተማርያም ወደ ሶሲና ዞረች። "አንቺስ? በለሱን በልተሻል እንዴ?"

"በለስ አልበላሁም" አለች ሶሲና።

እናቷ አመነቻት። ሶሲናም አልዋሸሁም አለች ለራሷ፤ ቲን ነው የበላሁት። ታዲያ የዓሻን ዓይን ማየት ለምን አቃታት? ነገሩ ሁሉ ተደበላለቀባት። ይባስ ብሎ ጣቶቿ ያቃጥሏት ጀመር። የቲን እሾህ ሁለት ዓይነት ነው። ትልቁ ይታያል። ትንሹ ግን እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፤ ሲገባ አይታወቅም፣ አንዴ ከገባ ደግሞ ዝም አይልም።

ሰንበት ትምህርት ቤት ስትደርስ ልጆቹ እያጨበጨቡ ይዘምሩ ነበር። ሶሲና አንዴ አጨበጨበችና እጇን ከኋላዋ ደበቀች። መምህርት ሄርሜላ አየቻት። መዝሙሩ ሲያልቅ ለብቻዋ ጠራቻት።

"እጅሽ ምን ሆኖ ነው?"

"ቲን ነው። ወጋኝ።"

"ቲን ምንድን ነው?"

ሶሲና ደነገጠች። ቲን የማያውቅ ሰው አለ ብላ አስባ አታውቅም። ፍሬ ነው አለቻት። አጥር ላይ ይበቅላል፣ እሾህ አለው፣ ውስጡ ፍሬ ፍሬ ነው። ሄርሜላ አሁንም አልገባትም።

"በአማርኛስ ምን ይባላል?"

 ሶሲና ቃሉን ታውቀዋለች። ግን አንዴ ካወጣችው መመለሻ እንደሌለው ገባት።

"በለስ" አለች በመጨረሻ። ቃሉን ራሷ ሰማችው። ከዚያ ዕንባዋ መጣ፤ ወሬውም ተከትሎ ተዘረገፈ። ዓሻ እንዳልበላች፣ አዬዮ እንደታመሙ፣ ፍየሊቱ ልጣጩን እንዳልጨረሰች፣ ሁሉንም አቀላቅላ ተናገረች። አሁን ከግቢያችን ልባረር ነው ወይ ብላም ጠየቀች፤ ብትባረር የምትሄደው አባቷ ዘንድ ነው፣ አዲጋላ ደግሞ ሩቅ ነው።

ሄርሜላ ነገሩን ለመረዳት ሁለቴ ማስደገም ነበረባት። የአጥሩ በለስና ዕፀ በለስ ስማቸው ቢገናኝም አንድ እንዳልሆኑ፣ ከቤቷም ማንም እንደማያስወጣት ነገረቻት። ከዚያ ጠየቀቻት።

"አዳም ከበላ በኋላ ምን አደረገ?"

"ተደበቀ።"

"የት?"

"ዛፎቹ መሃል።"

"አንቺስ የት ተደበቅሽ?"

ሶሲና ብዙ አሰበች። አጥሩ ጋ አልተደበቀችም። አልጋ ሥር አልገባችም። ቆይቶ ግን ገባት።

"ቲን የሚለው ቃል ውስጥ" አለች።

የዚያን ዕለት ወደ ቤቷ አልገባችም፤ ቀጥታ ወደ ኤዶ ካልቱን ግቢ ሄደች። የአዬዮን የበላሁት እኔ ነኝ፣ ዓሻ አይደለችም አለች። በለሱን አላለችም፤ ቲኑንም አላለችም፤ "የአዬዮን" ብቻ ነው ያለችው።  ካልቱን መጀመሪያ ዓሻን ጠርታ ግንባሯን ሳመቻት። ቀጥሎም ወረንጦ ይዛ ወጣችና ሶሲናን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ እሾሁን አንድ በአንድ ትነቅልላት ጀመር። ብትቆጣት ይሻላት ነበር። ለተማርያም ማታ ስትሰማ በልጇ አፈረች፤ ማፈሯንም አልደበቀችም። ዓሻ ደግሞ ሁለት ቀን ሙሉ አላናገረቻትም፤ እውነቷን ነው።

አዬዮ ግን አሁንም ከትንሽ ወተት በቀር ምንም አልቀመሱም። የቀረው ፍሬ ሁሉ አረንጓዴ ነበር። ሶሲና በየጠዋቱ ከእንቅልፏ ተነስታ አጥሩን ታያለች። ቶሎ ቅላ ብላ ለመነችው። እሱ ግን የሚቀላው በራሱ ጊዜ ነው። እሷ በደቂቃ የጨረሰችው ነገር ለመብሰል ስንት ቀን እንደሚፈጅ ያወቀችው ያኔ ነው። አዬዮ ከዚያ በፊት ቢሞቱስ? ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ በጸሎቷ ግን በየማታው ታነሳዋለች።

በስምንተኛው ቀን አንድ ፍሬ ቀላ። ሶሲናና ዓሻ አብረው ለቀሙት። ሶሲና አሸዋ ላይ ሦስት ጊዜ አንከባለለችው፤ ዓሻ በቃ እስክትላት ድረስ። ላጠችውና በሳህን ይዛ ገባች።

አዬዮ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው በሶማሊኛ አንድ ነገር አሉ። "ምንድን ነው እያሉሽ ነው" አለቻት ዓሻ።

"በለስ ነው" አለች ሶሲና። "ቲን ነው። የእርስዎ ነው።"

ዓሻ ተረጎመችላቸው። አዬዮ ፈገግ አሉ። ግማሹን ቀስ ብለው በሉ፤ የቀረውን ለሶሲና ዘረጉላት። ሶሲና ተቀብላ ለሁለት ከፈለችውና ትልቁን ለዓሻ ሰጠቻት። ያን ማታ አዬዮ ሾርባ ጠጡ።

እንግዲህ ልጆች፣ የጥፋታችንን ስም ብንለውጥ ጥፋቱ አይለወጥም፤ ከውስጣችን የሚነቀለው እውነቱን በስሙ ስንጠራው ነው።