ከውስጡ የሚንኳኳው ሄሊኮፕተር

የምነግራችሁ ነገር በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ዓይኔ ያየውን፣ ጆሮዬ የሰማውን ብቻ ነው የምጽፈው።

ደግሞ ሌሊት አልነበረም። መብራትም አልጠፋም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ነው። ጠራራ ፀሐይ። እናቴ ቤት፣ ጓሮ በኩል ያለችው ክፍል ውስጥ ነኝ። መስኮቱ ክፍት ነው። ጎረቤታችን ልብስ እያሰጣች ከባሏ ጋር ስትነታረክ ይሰማኛል።

እና ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ነገር... ተንኳኳ።

ከውስጥ።

ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ።

እኔ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሠሪ ነኝ። ሐኪም አይደለሁም። ሐኪሙ የታማሚውን ልክ ይልክልኛል፣ እኔ ጥርሱን ሠርቼ እልካለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ከወረንጦና ከማጉያ መነጽር ጋር ነው የኖርኩት።

ታናሽ ወንድሜ ባሕር ኃይል ውስጥ ነበር። ሄሊኮፕተር ላይ። አብራሪ አይደለም፤ ከኋላ ተቀምጦ የማንሻውን ገመድ የሚያወርደው ሰው ነው። ባሕር ላይ የወደቀ ሰው ካለ ገመድ ጥሎ የሚያወጣው እሱ ነበር።

እናታችን በዚህ ሁሌ ትስቅ ነበር። «ፊቱን ላስታጥበው ስል ግቢ ለግቢ ያሯሯጠኝ ልጅ፣ ይኸው ውሃ አገባ» ትል ነበር።

አንድ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ሄሊኮፕተሩ ባሕር ውስጥ ወደቀ።

ከፊት የነበሩት ሁለት አብራሪዎች ወጡ።

ታናሼ አልወጣም።

የሄሊኮፕተሩ መካኒክ የወንድሜ የልብ ጓደኛ ነው። አጭርና ድፍን ያለ ስለሆነ ሁሉም «ቡሎን» ይሉታል። ሊያጽናናን የመጣ ቀን በር ድረስ ስሸኘው ክንዴን ያዘኝ።

«አንድ ነገር ልንገርህ። ለእናትህ እንዳትነግራት» አለ በሹክሹክታ።

«ምን?»

«አብራሪዎቹ ሰምተውታል።»

«ምኑን?»

መሬት መሬት አየ።

«የኋላው በር ተጣሞ እንቢ ብሎታል። ሲሰምጥ... በሩን ይደበድብ ነበር።»

እንዴት ወደ ቤት እንደተመለስኩ አላስታውስም።

ከአንድ ወር በኋላ ጥልቁ ውስጥ ካሜራ አወረዱ። ቡሎን ፎቶውን ደብቆ አሳየኝ። ሄሊኮፕተሩ አሸዋ ላይ ቁጭ ብሏል። የኋላው በር ዝግ ነው። በመስኮቱ በኩል ነጭ ሄልሜት ይታያል። ቀበቶውም እንደታሰረ ነው።

ጠላቂ የማይደርስበት ጥልቀት ነበር። ማውጫው መርከብ እስኪመጣ፣ ማዕበሉም እስኪበርድ መጠበቅ ግድ ሆነ።

እናቴ ግን መጠበቅ አልቻለችም። እህል ውሃ አልቀምስም አለች። ጣቷ ከመክሳቱ የተነሣ የጋብቻ ቀለበቷ እየወለቀ መውደቅ ጀመረ። አንድ ጠዋት ጎኗ ስቀመጥ እንዲህ አለችኝ።

«አንተ እጅህ ብልህ ነው። ያን ነገር ሥራልኝ።»

«የቱን ነገር እማዬ?»

«ልጄ ያለበትን። የት እንደተቀመጠ ልየው። እንዲሁ ባዶውን ሳስብ... አልቻልኩም ልጄ።»

እንቢ ማለት ነበረብኝ።

ቡሎን ከመሥሪያ ቤቱ የሄሊኮፕተሩን ንድፍ ገልብጦ አመጣልኝ። ሃያ አራት ጊዜ አሳንሼ ልሠራው ወሰንኩ። ሲያልቅ ርዝመቱ ከጣቴ ጫፍ እስከ ትከሻዬ ይሆናል። ከሥራ ፈቃድ ወሰድኩና እናቴ ቤት ጓሮ በኩል ያለችውን የወንድሜን ክፍል ሥራ ቤት አደረግኳት።

ሁለት ወር ፈጀብኝ። አካሉን ከስስ ፕላስቲክ ቆርጬ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ ግራጫ ቀለም ቀባሁት። እውነተኛው ሄሊኮፕተር መርከብ ላይ ቦታ እንዳይዝ ከላይ የሚሽከረከሩት ክንፎቹ የሚታጠፉ ናቸው፤ እኔም የሚታጠፉ አድርጌ ሠራኋቸው። ጅራቱም ይታጠፋል። አንቴናውን ከጥርስ ማሰሪያ ሽቦ፣ የወንበሩን ቀበቶ ከጥርስ ማጽጃ ክር ሠራሁት።

እናቴ በየቀኑ እየመጣች አጠገቤ ትቀመጥ ነበር። «ይሄ ምንድን ነው? ያስ?» ትለኛለች። ስነግራት ቀስ በቀስ መልኳ ይመለሳል። አንድ ቀን እንዲያውም ግማሽ ሳህን ሾርባ ጠጣች። እግዜር ሰማኝ አልኩ።

በመጨረሻ ታናሼን ሠራሁት።

ጥርስ በምሠራበት ፕላስቲክ። ቁመቱ ከጣቴ አይበልጥም። ነጭ ሄልሜት፣ ሁለት እጆቹ ጉልበቱ ላይ። በሩ አጠገብ ያለው ወንበሩ ላይ አስቀምጬ በቀበቶው አሰርኩት። ከዚያ በሩን ዘግቼ በማጣበቂያ አሸግኩት።

ፎቶው ላይ ዝግ ስለነበር ነው። የእጅ ሥራ ሰው በሽታ ነው፤ ያየነውን እንሠራለን።

በማግስቱ፣ በዘጠኝ ሰዓት ከሃያ፣ ድምፁ መጣ።

ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ...

ጥርስ በጥፍር ሲነካ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ነው። ፕላስቲኩ ሙቀት አግኝቶ ይሆናል አልኩ። መስኮቱን ዘጋሁ። የጎረቤቶቼ ድምፅ ጠፋ... ይሄኛው ግን ቀጠለ።

ቀጭ ቀጭ። ቀጭ ቀጭ ቀጭ።

ለአራት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ቆመ።

በሁለተኛው ቀንም በዚያው ሰዓት መጣ። ጠጋ ብዬ በማጉያው አየሁ። የኋላው መስኮት ደፍርሷል። በጣቴ ጠረግኩት... አልጠራም።

እንፋሎቱ ከውስጥ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከሄሊኮፕተሩ ሆድ ሥር ጠረጴዛው ረጥቦ አገኘሁት። አንድ ጠብታ። ነክቼ ምላሴ ላይ አደረግኩት።

ጨው።

ለማንም አልተናገርኩም። ማን ያምነኛል? ይሄ ሰውዬ በሐዘን አበደ ነው የሚሉኝ።

በአራተኛው ቀን ትንሿን ባትሪ አብርቼ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየሁ።

እጆቹ ጉልበቱ ላይ አልነበሩም።

ልብ በሉ፤ ያ ፕላስቲክ አንዴ ከደረቀ አይታጠፍም። ሥጋ የሚያኝኩበት ነገር ነው፤ ይሰበራል እንጂ አይታጠፍም። ሁለቱ እጆቹ ግን ወደ ላይ ተነሥተው መስኮቱን ተደግፈዋል።

ከሁሉም የባሰው ሌላ ነገር ነው። ድምፁ በየቀኑ እየደከመ ነበር። መጀመሪያ አራት ደቂቃ። ከዚያ ሦስት። ከዚያ ሁለት። በአምስተኛው ቀን ሰባት ጊዜ ብቻ አንኳኳ። በጣም ቀስ ብሎ።

ያን ቀን ዞር ስል እናቴ በሩ ላይ ቆማለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«አትዋሸኝ።»

መጥታ ጆሮዋን ሄሊኮፕተሩ ላይ አደረገች። ድምፁ ቆሞ ነበር፤ እሷ ግን ሳትነቃነቅ ብዙ ቆየች። ስትነሣ ጉንጯ ላይ ግራጫ ቀለም ነበር።

«ለምን ዘጋህበት?»

የማጉያ መነጽሬን አወለቅኩ።

«አንተ ወንድሙ ነህ። ለምን ዘጋህበት ልጄ?»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ያን ሌሊት ያደርኩት አዳር በጠላቴም አይድረስ።

ስድስተኛው ቀን ደረሰ።

ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ሁለታችንም ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጥን። ምላጩን፣ ወረንጦውን፣ ማጣበቂያ የሚያሟሟውን ፈሳሽ ደርድሬያለሁ። ቀድሜ ልከፍተው ሞክሬ ነበር፤ ምላጬ ሁለቴ ተሰበረ። እኔ የቀባሁት ማጣበቂያ እንዲህ አይጠነክርም። አውቀዋለሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ።

ዝም።

«የለም» አለች እናቴ። «የለም እኮ...»

«ቆይ።»

ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ አንድ።

ቀጭ።

አንድ ጊዜ ብቻ።

«ክፈትለት» አለች። «ክፈትለት፣ ክፈትለት...»

ፈሳሹን በበሩ ዙሪያ ደፋሁት። ምላጩን ክፍተቱ ውስጥ ሰደድኩ። አልነቃነቅ አለ። ለመደገፍ ብዬ በቀኝ አውራ ጣቴ ከበሩ አጠገብ ያለውን አካል በሙሉ ኃይሌ ተጫንኩት። ፈሳሹ ፕላስቲኩንም አለስልሶት ኖሮ ጣቴ ገባበት። ግድ አልሰጠኝም። ተጫንኩ። እጄ ደማ። እየጸለይኩ ይሁን እየተራገምኩ አላውቅም፤ ከአፌ ቃል ይወጣ ነበር።

በሩ ተላቀቀ።

ምላጬን ሰድጄ ቀበቶውን ቆረጥኩት።

ከዚያ ውሃው መጣ።

ያ ሄሊኮፕተር ቢሞላ ሁለት ጠርሙስ ውሃ አይዝም። የፈሰሰው ግን ጠረጴዛውን አጥለቅልቆ፣ ወለሉን ሞልቶ፣ በበሩ ሥር ወደ ሳሎን ወጣ። አጥንት የሚሰብር ቅዝቃዜ ነበረው። እናቴ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ቆማበታለች።

ውሃው ሲቆም ወደ ውስጥ አየሁ።

ወንበሩ ባዶ ነው።

ሁለታችንም በጉልበታችን ተንበርክከን ወለሉን ዳበስን። አልጋ ሥር፣ ምንጣፍ ሥር። የለበስነውን ልብስ ሁሉ አራገፍን። ያ ጣት የሚያህል ሰው የለም።

እናቴ በጀርባዋ ግድግዳውን ተደግፋ እርጥቡ ላይ ተቀመጠች።

«ወጣ» አለች።

ከዚያ ምግብ ጠየቀችኝ። በሦስት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግባ በላች፤ እኔ ደግሞ ጀርባዬን አዙሬ አለቀስኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ድምፁ ተሰምቶ አያውቅም።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ባልጻፍኩላችሁ። ሐዘን ነው፣ ድካም ነው ብዬ በረሳሁት።

ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ቡሎን ደወለ።

«አውጥተውታል። ና። ብቻህን ና።»

ወደብ ላይ ያለ ትልቅ የቆርቆሮ መጋዘን ነው። በሩ ላይ ጠበቀኝ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ከመነሣቱ በፊት ካሜራ ድጋሚ አውርደን ነበር» አለኝ።

«እና?»

«በሩ ክፍት ነው።»

«ማን ከፈተው?»

«ማንም። እዚያ ድረስ ማን ይወርዳል?»

«ወንድሜስ?»

ራሱን ነቀነቀ።

«ወንበሩ ባዶ ነው። ቀበቶው ተቆርጧል። ንጹሕ አቆራረጥ ነው። በምላጭ የተቆረጠ ነው የሚመስለው። አካባቢውን ሁለት ቀን ፈለግን... የለም።»

ታናሼ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ይሄን በምጽፍበት ሰዓት እንኳ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ ቡሎን። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መርማሪዎቹ ምን ብለው እንደሚጽፉት ጨንቋቸዋል። እስቲ አንተ እየው።»

ወደ ውስጥ ወሰደኝ። ሄሊኮፕተሩ በሰንሰለት ተደግፎ ቆሟል። ግራጫው ቀለም ተላልጧል፤ ውሃ አሁንም ይንጠባጠባል። እያንዳንዱን መስኮት፣ እያንዳንዱን ማጠፊያ አውቀዋለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ልሥልላችሁ እችላለሁ።

በበሩ አጠገብ ያለው ብረት ወደ ውስጥ ጎድጉዷል።

አልተቀደደም። ከድንጋይ ጋር የተጋጨም አይመስልም። እንቁላል ቅርጽ ያለው፣ ትልቅ ትሪ የሚያክል ጉድጓድ ነው። ለስላሳ ነገር ላይ ተጭነው የተዉት ነው የሚመስለው።

ውስጡ ደግሞ መስመር አለ። ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው፣ አንዱ በሌላው ዙሪያ የሚታጠፍ፣ ብዙ መስመር።

«ድንጋይ ነው እንዳንል መስመሩ አለ» አለ ቡሎን። «ገመድ ነው እንዳንል... እንዲህ አይዞርም።»

ቀኝ እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

ቡሎን ጣቱን አንዱ መስመር ላይ አደረገና መከተል ጀመረ። ዞረ... ዞረ... ዞረ... መሐሉ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

የራሱን አውራ ጣት አንሥቶ ወደ ብርሃኑ ያዘው። ብዙ ጊዜ አየው።

ከዚያ ቀስ ብሎ ዞረና፣ ኪሴን ተመለከተ።